ሁለተኛው ድስት

(በድሬዳዋ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ፤ ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ተነካክቷል።)

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱ በረድ ይበል ብለን ሰዓቱን ወደ ማታ ገፋነው፤ ውጤቱን እያያችሁት ነው። ማራገቢያው ሥር ቀድማችሁ የተቀመጣችሁ አዋቂዎች ናችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነው። «ፖለቲካው እንዲህ በተከፋፈለበት ሰዓት ስለ አገር አንድነት መጥራት የዋህነት ነው ወይስ ይጠቅማል?» ደውሎ የጋበዘኝን ልጅ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው «አቦ ቲቸር፣ እኔማ ሰልችቶኛል» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

መሰልቸቱ አይገርመኝም። እስቲ ስንት ስብሰባ ላይ ነው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል የሰማችሁት? ባነር ላይ አለ፣ ቲሸርት ላይ አለ፣ የመክፈቻ ንግግሩ ውስጥ የግድ አለ። እኔ ግን ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ አንበሳው ማነው? ተረቱ ሲነገር አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ራሱን ድር አድርጎ ያስባል፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ «ሊያስሩኝ ነው እንዴ?» ይላል። ጠሪው አብረን እንሁን ሲል፣ የተጠራው በማን ላይ እንደሆነ ይጠይቃል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ክፉ አይደለም። የሚያስታውሰው ነገር ስላለው ነው።

የሚታወሰው ደግሞ ብዙ ነው። ደርግ ሲነሣ «ያለምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ይባል ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ዘምረነዋል። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ኅዳር 14 ሌሊት ወደ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። «ያለምንም ደም» የሚለው ሦስት ወር አልሞላም። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለው ግን ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው ደም ሁሉ እሱ ነበር ማኅተሙ። ዳገቱን ወጥታችሁ ሐረር ብትገቡና በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ብታነጋግሩ ደግሞ፣ አንድነት ሲባል ቀድሞ የሚመጣባቸው ጨለንቆ ሊሆን ይችላል፤ ጥር 1879፣ የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር የተሸነፈበት። ለአንዱ አገር የተሰበሰበበት ቀን ለሌላው ከተማው የተወሰደበት ቀን ነው። ሁለቱም ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። እኔም ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ሁለቱንም ልጆች በአንድ ክፍል አስተምሬአለሁ፤ ፈተናውን ማረሙ ነበር የሚከብደኝ።

እንግዲህ ጥርጣሬው ሥር ካለው፣ ጥሪው የዋህነት ነው ብዬ ልደምድም? ከመደምደሜ በፊት አንድ ሰርግ ልንገራችሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። የምንኖረው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው፣ አሸዋው ከደጃችን የሚጀምርበት። ታላቅ እህቴ የተዳረችው እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ነው። እናቴ ድግሱን ስታሰላ በሬው፣ ጠላው፣ እንጀራው ሁሉ ተሟልቷል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሻይ፣ ለስላሳና ብስኩት ይበቃል ተብሏል። የሰፈሩ ግማሽ ሙስሊም ነበር፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ጥቂት ሐረሪ፣ አንድ የየመን ሰው ባለሱቅ። ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው ማታ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ሶማሌ እናት መጡ። ሰፈሩ ሁሉ «ሆዮ» ነበር የሚላቸው፤ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብለው ተቀምጠው ቆዩና «ያሳደግኋት ልጅ ስትዳር እኔ ብስኩት በልቼ ልሄድ ነው?» አሉ። እናቴ ሰማይ የተደፋባት መሰለች።

ችግሩን ታውቁታላችሁ። ሥጋው አንድ አይሆንም። ድስቱም አንድ አይሆንም፤ የእኛ ሥጋ የተሠራበትን ድስት አጥበህ ብታቀርበው ማንም አይነካውም። ስለዚህ ሁለት ፍየል ያስፈልጋል፣ ቢስሚላ ብሎ የሚያርድ ሰው ያስፈልጋል፣ ምንም ያልነካው አዲስ ትልቅ ድስት ያስፈልጋል፣ ለብቻ ድንኳን ያስፈልጋል። አባቴ ዕቁቡን አስቀድሞ ለመውሰድ ሰው ለምኖ ሲመለስ ተናዶ ነበር። «አንድ ሰርግ ነው የምደግሰው ሁለት?» አላት። እናቴ ሽንኩርቷን እየከተፈች «አንድ ነው እንጂ፤ ሁለት ቢሆንማ እሳቸው የራሳቸውን ይደግሱ ነበር» አለችው። ድስቱን ቀፊራ ገበያ ሄደው የመረጡት ራሳቸው ሆዮ ናቸው፤ የከፈለው አባቴ ነው። ወፍራም ብረት ድስት ነው፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ባዶውን ሁለት ሰው የሚያነሣው። በሰርጉ ቀን ከሆዮ ድንኳን የሄል ሽታ ያለው ሩዝ ሲመጣ እኛ የክርስቲያን ልጆች ከወጡ ሸሽተን እዚያ ድንኳን ጀርባ ተሰለፍን። ሩዙን ብቻ ብሉ ተባልን። ሩዙን ብቻ በላን ብዬ ለቄሱም አልማልኩም፣ ለእናንተም አልምልም።

ይህን የነገርኳችሁ «ድሮ እንዴት እንዋደድ ነበር» ለማለት አይደለም። ያንን ንግግር አልወደውም፤ ድሮም እንጣላ ነበር፣ ድሮም ልጁን ለሌላ ሃይማኖት ሰው አልድርም ያለ አባት ሰፈራችን ነበር፣ ከነዚያም አንዱ የእኔ አባት ነው። የነገርኳችሁ ስለ ወጪው ነው። ማንም ሆዮን «ዛሬ የእህታችን ሰርግ ነው፣ ልዩነቱን ትተን ከአንድ ድስት እንብላ» አላላቸውም። ይህን ያለ ሰው ቢኖር ስለ አንድነት የተናገረ ይመስለው ነበር፤ በእሳቸው ጆሮ ግን «ሃይማኖትሽን ደጅ ትተሽ ግቢ» ማለት ነው። የተደረገው ሌላ ነው። ጠሪው የተጠሪውን ልዩነት እንዳለ ተቀብሎ፣ ልዩነቱ የሚያስከትለውን ወጪ በራሱ ኪስ ላይ ጫነ።

የእኔ መለኪያ ይኸው ነው። አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ አንድነት ሲጠራኝ፣ ድምፁ አማረ አላማረ ግድ የለኝም። ድስቱን ማን ይገዛል? ጥሪው ጠሪውን ምን ያስከፍለዋል? ወንበር? መሬት? የታሪክ መጽሐፉን አንድ ምዕራፍ? ምንም የማያስከፍለው ከሆነ እየጠራ ያለው እኔን እንጂ ራሱን አይደለም።

ደቡብ አፍሪካን ውሰዱ። ስለ ማንዴላ ስናወራ የራግቢውን ማልያ እናወራለን፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የነጮቹን ቡድን ማልያ ለብሶ ስታዲየም መግባቱን። ያምራል። እኔ ግን ተማሪዎቼን የማስታውሳቸው ከዚያ ዓመት በፊት የነበረውን የምርጫ ወረቀት ነው። ምርጫው የሚጀምረው ሚያዝያ ወር 1994፣ በ26ኛው ቀን ነው። በክዋዙሉ ናታል ክፍለ ሀገር በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለቀበት ግጭት አንዱ ወገን የሆነው ኢንካታ ፓርቲ፣ አልሳተፍም ሲል ቆይቶ እሺ ያለው በ19ኛው ቀን ነው። አንድ ሳምንት! ወረቀቱ ታትሞ አልቋል። እና ምን አደረጉ? የኢንካታን ስምና የመሪውን ፎቶ በተለጣፊ አሳትመው በሚሊዮን የሚቆጠረው ወረቀት ግርጌ ላይ መለጠፍ ጀመሩ። እስቲ አስቡት፣ የምርጫ ሠራተኛ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ወረቀት ሲለጥፍ። ሥልጣን በእጁ ሊገባ አንድ ሳምንት የቀረው የማንዴላ ፓርቲ «አርፍደሃል፣ ደጅ ቅር» ማለት ይችል ነበር እኮ። በጊዜያዊው ሕገ መንግሥትም ከ400 ወንበር 20 ያገኘ ፓርቲ ሁሉ ሚኒስትር እንዲኖረው፣ 80 ያገኘ ምክትል ፕሬዚዳንት እንዲሰይም ተጽፎ ነበር። የነጮቹ መንግሥት የመጨረሻ ፕሬዚዳንት የነበረው ዴ ክለርክ በ82 ወንበር ምክትል ሆነ፤ ኢንካታ በ43 ወንበር ካቢኔ ገባ። የዴ ክለርክ ፓርቲ በሁለት ዓመቱ ጥሎ ወጣ፣ የሀብቱ ልዩነትም እስከ ዛሬ አለ፤ ያ አገር ገነት ሆነ የሚላችሁን አትስሙት። ግን ጥሪው አንቀጽ ነበረው፣ ቁጥር ነበረው፣ ሙጫ ነበረው።

አሁን እናንተ ውስጥ ብልሆቹ ምን እያሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። «ቲቸር፣ ሁለተኛ ድስት ካልክማ እኛ አገር የሞላው ድስት ነው።» ትክክል ናችሁ፤ የእኔ ምሳሌ የሚያነክሰውም እዚህ ላይ ነው።

ሊባኖስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሲስማሙ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ ይሁን፤ የምክር ቤቱም ወንበር ስድስት ለክርስቲያን አምስት ለሙስሊም ይሁን አሉ። መሠረቱ የ1932 ቆጠራ ነበር። ለጊዜው ድስት ነው፣ ደግ ነው። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ሕዝብ ቆጥረው አያውቁም። ቢቆጥሩ ድርሻው ሊፋለስ ነዋ! አሥራ አምስት ዓመት ተዋጉ፣ በ1989 በሳዑዲዋ ከተማ ጣይፍ ተስማምተው ግማሽ በግማሽ አደረጉት፣ አሁንም አልቆጠሩም። ለአንድ ሰርግ የተገዛው ድስት ወጥ ቤቱን ግድግዳ አቁሞ ከፈለው።

ስለ ቤሩት ሳወራ የምትስቁት ወዴት እንደማመራ ስለገባችሁ ነው። እሺ፣ እንምጣ። አርባ ለኦሮሞ፣ አርባ ለሶማሌ፣ ሃያ ለሌሎቹ። እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ይህን ቁጥር ከማባዣ ሠንጠረዥ በፊት ያውቀዋል። ከተማዋን ኦሮሚያም ሶማሌ ክልልም የእኔ ናት ሲሉ፣ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ሆነች፤ ፓርቲዎቹም ሥልጣኑን በዚህ ቁጥር ተካፈሉት፣ ከንቲባነቱንም ተፈራረቁበት። እኔ ይህን ስምምነት አላላግጥበትም። ቢያንስ አንዱ ሌላውን ጠቅልሎ እንዳይበላ አድርጓል። ግን በመጨረሻው ቆጠራ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ድሬ 341,834 ሰው ነበራት፤ ኦሮሞው 46 በመቶ ገደማ፣ ሶማሌው 24፣ አማራው 20፣ ጉራጌው ከ4 በላይ። ቁጥሩን ከየትኛውም ወገን ሆናችሁ ብታዩት የሚያስኮርፋችሁ ታገኛላችሁ። ሐረርም ብትሄዱ እንዲሁ ነው። ሐረሪው በዚያ ቆጠራ 9 በመቶ አይሞላም፤ ከክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበር ግን 14ቱ የሐረሪ ጉባኤ ነው። ኦሮሞው ከግማሽ በላይ ሆኖ ሲያየው «ይህ ምን ፍትሕ ነው?» ይላል። ሐረሪው ደግሞ «ጁገል የዓለም ቅርስ ሆኖ እኛ የምንጠፋ ከሆነ ለማን ይጠበቃል?» ይላል። ሁለቱንም ሰው ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «አንድነት ይሻላል» ብትሏቸው፣ እመኑኝ፣ ሁለቱም እሺ ይሏችኋል፤ ወጥተው ደግሞ በየራሳቸው ይስቁባችኋል።

ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል። ከ1999 ወዲህ አልተቆጠርንም። የተዘጋጀው ቆጠራ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ጸጥታም አለበት፤ ግን ቤሩትን ትንሽ ቀርበናታል።

ከቁጥሩ በታች ያለውን ሰው ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ተማሪ ነበረኝ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ፣ ያሳደጉት ሶማሌ አክስት (የአጎቱ ሚስት ናቸው)፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲጣላ በሶማሊኛ፣ ሲያስታርቅ በኦሮምኛ፣ ፈተና ሲወድቅ በአማርኛ ነው የሚናገር። መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ ቅጹ ላይ «ብሔር» ይላል፣ አንዲት አጭር መስመር። መዝጋቢው «ሰልፉን አታቁም፣ አንዱን በል» አለው። ወጥቶ እኔ ዘንድ መጣ፤ «ቲቸር፣ የቱን ልሁን?» አለ። እኔም «በአባትህ ጻፍና ተገላገል» አልኩት። ዛሬም ያሳፍረኛል። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ቅጽ አልነበረም።

እንግዲህ ድስት መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ የተገዛው ድስት የማን ልጅ እንደሆነ ግራ የገባውን ልጅ ማብላቱም ያው ግዴታ ነው። ይህን ያህል ብዬ ልለፍ፤ መፍትሔው በእጄ ያለ መስዬ አልታያችሁ።

የመን ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ እዚህ የመጋላ ሰፈር ሱቅ ግማሹ የተከፈተው ከዚያ በተሻገሩ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አገራዊ ምክክር አደረጉ። 565 ሰው፣ አሥር ወር፤ ደቡቦቹ ግማሽ ወንበር አላቸው፣ ሴቶች አሉ፣ ወጣት አለ፣ ሁቲዎቹም ገብተዋል። ዓለም አጨበጨበ። ምክክሩ ሲያልቅ ግን ዋናው ጥያቄ፣ አገሪቱ በስንት ክልል ትከፈል የሚለው፣ ፕሬዚዳንቱ ለሰየሙት ትንሽ ኮሚቴ ተሰጠ። ኮሚቴው በሳምንታት ውስጥ ስድስት ብሎ መጣ፤ ሁቲዎቹ «ባሕር የሌለው ድሃ ክልል ሰጣችሁን» ብለው አልቀበልም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 መስከረም ላይ ዋና ከተማውን ሰንዓን ያዙ። አሥር ወር ሩዝ ሲቀቀል ቆይቶ፣ ሥጋውን ማን እንደሚቆርጥ በጓዳ ተወሰነ። የእኛም ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ 1265/2014 ተቋቁሞ አጀንዳ ሲሰበስብ ከርሟል፤ ጠመንጃ ያነገቡትና አንዳንድ ተቃዋሚዎች ግን ከጠረጴዛው ርቀዋል። እኔ ኮሚሽኑ ይፍረስ ከሚሉት አይደለሁም። ከጓዳው ግን ዐይናችሁን አትንቀሉ።

ስለ ጎርፉ ሳልናገር ከዚህ ከተማ መድረክ መውረድ አይቻልም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998። ብዙው ዝናብ የወረደው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ መጣ፣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አንዳንዶቻችሁ ያኔ ታዝላችሁ ነበር። ስለዚያ ሌሊት ሁሉም ሰው አንድ ነገር ነው የሚያወራው፤ «ማንም ማንንም ብሔርህ ምንድን ነው አላለም።» አዎን፣ ሦስት ቀን። እኔም አይቻለሁ፤ በባትሪ ብርሃን ስም ሳንጠይቅ ጭቃ ቆፍረናል። በአራተኛው ቀን ግን የእርዳታ ዝርዝር መጣ። ቅጹ ላይ ያቺ አጭር መስመር ነበረች። ከዚያ የየትኛው ሰፈር ሰው ቀድሞ ብርድ ልብስ አገኘ፣ ለማን ሸራ ደረሰ የሚል ሹክሹክታ ተጀመረ። አብሮኝ ሲቆፍር የነበረ ሰው በዚያ ሳምንት መጨረሻ «የእናንተዎቹ ሁለት ሁለት ወስደዋል» አለኝ።

በአደጋ ቀን የሚመጣ አንድነት እውነተኛ ነው፣ አልክደውም፤ ግን ዝርዝር እስኪመጣ ድረስ ነው። የአንድነት ጥሪ ሥራ የሚጀምረው ዝርዝሩ ጋ ነው፤ ማን ይጽፈዋል፣ በአደባባይ ይነበባል ወይ፣ ተሳስቶ ቢገኝ ማን ያርመዋል። ይህ ለመዝሙር አይመችም፣ አውቃለሁ።

(ከተሳታፊዎች ሁለት ጥያቄ ቀረበ። አንድ ወጣት «ታዲያ ለምን በየፊናችን አንኖርም? ማን ነው ግድ ያለን?» አለ። ሌላዋ «ወንድሙ የተገደለበትን ሰው ምን ብለህ ነው ለአንድነት የምትጠራው?» ስትል ጠየቀች።)

ለአንተ፦ ዛሬ ሐረር ቧንቧ ስትከፍት ከሚወርደው ውኃ የሚበዛው ከየት እንደመጣ ታውቃለህ? ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ከእኛ በኩል ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው ዳገቱን ሽቅብ የሚገፋው። ቧንቧው ከድሬዳዋ ይነሣል፣ ኦሮሚያን ያቋርጣል፣ ሐረሪ ክልል ይገባል። ሦስት አስተዳደር። በየፊናችን እንኑር ካልክ እሺ፤ መጀመሪያ ቧንቧውን የት ላይ እንደምትቆርጠው ንገረኝ።

ለአንቺ ግን እንዲህ ቀልዶ መመለስ አይቻልም። እሱን ሰው አልጠራውም። ቅድሚያ የሚጠራው ሌላ ነው፤ የገደለው፣ ያስገደለው፣ እያየ ዝም ያለው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ምሕረት የሚሰጠው ያደረገውን ሁሉ ዘርዝሮ ለተናገረ ብቻ ነበር፤ ከ7,000 በላይ ሰው አመልክቶ የተፈቀደለት 849 ነው። ለብዙ ተጎጂዎች እሱም አነሰ። ወንድሙን የቀበረ ሰው ዘንድ ሄደህ ስለ አንድነት ከመስበክህ በፊት እውነቱን ይዘህለት መሄድ አለብህ፤ ካልያዝክ ልቅሶ ደርሰህ ዝም ብለህ ተቀመጥ። እሱ ጥሪህን እንቢ ቢል የከፋፋይነት ስም አታውጣለት። እዚህ አገር የተጎዳውን ሰው «አንድነት አፍራሽ» የማለት ልማድ አለ፤ ከየዋህነት የከፋ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ሰዓታችን አልቋል፤ ጥበቃው በሩ ላይ ቁልፉን እያንቃጨለ ነው። ድስቱ የት ደረሰ ብላ ቅድም በወረቀት የጠየቀችኝ ልጅ አለች። ሆዮ ካረፉ ቆይተዋል። ድስቱ እኛ ቤት ነው የኖረው፤ ሰፈሩ ግን ለሰርግም ለሐዘንም ይዋሰዋል፣ የክርስቲያን ሥጋ ገብቶበት አያውቅም፣ እናቴ በሕይወት እስካለች ድረስ ሽሮ እንኳ አላስነካችውም። ባለፈው ዓመት የሆዮ የልጅ ልጅ ሲያገባ ሁለት ወጣቶች መጥተው በባጃጅ ጭነው ወሰዱት። እስካሁን አልመለሱልኝም።